ቀይ ፓንዳን በካሜራ ማየት፦ የቶሮንቶ መካነ አራዊት ትንሹ ነዋሪ የሚያስተምረው ሳይንስ

ቁመናው ከቤት ድመት ጥቂት ይበልጣል። ጠጉሩ የእሳት ፍም ይመስላል፤ ጅራቱ ረጅምና ቀለበት በቀለበት ነው፤ ፊቱ በነጭ የተኳለ፣ ሆዱና እግሮቹ ግን ጥላሸት የተቀቡ ይመስላሉ። ይህ ቀይ ፓንዳ ነው። በካናዳዋ ትልቅ ከተማ በቶሮንቶ፣ በስካርቦሮ በኩል ባለው መካነ አራዊት ጎብኚዎች ካሜራቸውን ከሚያነጣጥሩባቸው እንስሳት አንዱ ሲሆን፣ በመጀመሪያ እይታ ለፎቶግራፍ ተብሎ የተፈጠረ ይመስላል።

ይሁን እንጂ ካሜራ ይዞ የሞከረ ሁሉ ነገሩ እንደሚታየው ቀላል አለመሆኑን ይረዳል። እንስሳው አብዛኛውን ቀን ከፍ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ተኝቶ ይውላል። ፊቱ በደንብ ሲወጣ ሆዱ በጥቁር ጥላ ይዋጣል፤ ሆዱ ሲታይ ፊቱ በብርሃን ይነጣል። ያማረው ቀይ ጠጉር በምስሉ ላይ ዝርዝሩ የጠፋ የቀለም ንጣፍ ሆኖ ይገኛል። የዚህ ሁሉ ምክንያት ግማሹ በእንስሳው ተፈጥሮ፣ ግማሹ ደግሞ በብርሃንና በካሜራ አሠራር ውስጥ ነው። ሁለቱን አጣምሮ የተረዳ ሰው የተሻለ ፎቶግራፍ ማንሳት ብቻ ሳይሆን፣ በዱር የቀረው ጎልማሳ ቁጥር 10 ሺህ ገደማ ወይም ከዚያ በታች እንደሆነ የሚገመተውን ይህን እንስሳ በትክክል ማየትም ይማራል።

ስሙ በመጀመሪያ የማን ነበር?

ፓንዳ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጥቁርና ነጩን ግዙፍ እንስሳ ነው። የቶሮንቶ ነዋሪዎችም ቢሆኑ ለዚህ ምክንያት አላቸው። ኤር ሹን እና ዳ ማዎ የተባሉ ሁለት ግዙፍ ፓንዳዎች እ.ኤ.አ. በማርች 2013 ከቻይና በውሰት መጥተው በከተማዋ መካነ አራዊት አምስት ዓመት ያህል ቆይተዋል። ኦክቶበር 13 ቀን 2015 ደግሞ ጂያ ፓንፓን እና ጂያ ዩዌዩዌ የተሰኙ መንትዮች ተወልደው ነበር፤ በካናዳ ምድር የተወለዱ የመጀመሪያዎቹ ግዙፍ ፓንዳዎች እነርሱ ናቸው። ቤተሰቡ በ2018 ወደ ካልጋሪ ከተማ ተዛወረ። በቶሮንቶ ስሙን ይዞ የቀረው ትንሹ ፓንዳ ነው።

በእርግጥ ስሙም በመጀመሪያ የእርሱ ነበር። ፈረንሳዊው የእንስሳት ተመራማሪ ፍሬደሪክ ኩቪየር ቀይ ፓንዳን በሳይንሳዊ ስሙ አይሉሩስ ፉልጀንስ ብሎ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1825 ነው። ግዙፉ ፓንዳ በምዕራባውያን ሳይንስ ዘንድ የታወቀው በሌላው ፈረንሳዊ፣ በሚሲዮናዊው አርማን ዳቪድ አማካይነት በ1869 ሲሆን፣ ይህም ከ44 ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። ሁለቱ እንስሳት ቀርከሃ በመብላታቸውና ከአንጓቸው አጥንት የወጣ “ሐሰተኛ አውራ ጣት” ስላላቸው ዘመዳሞች ይመስላሉ። ይሁን እንጂ ግዙፉ ፓንዳ ድብ ነው፤ ቀይ ፓንዳ ግን ድብ አይደለም። ከራሱ ዘር በስተቀር ሌላ በሕይወት ያለ አባል በሌለው የእንስሳት ቤተሰብ ውስጥ ብቻውን ቀርቷል። ከዚያ ቀጥሎ የሚቀርቡት እነ ራኩንና እነ ስካንክ ናቸው።

ይህ ለቶሮንቶ ነዋሪ አስገራሚ ዜና ሊሆን ይችላል። ሌሊት በየጓሮው እየዞረ የቆሻሻ መጣያ የሚከፍተው፣ የከተማው አስተዳደር በ2016 የተጠናከረ የመጣያ መዝጊያ እስኪያመጣ ድረስ ያስቸገረው ባለ ቀለበት ጅራት ራኩን፣ በመካነ አራዊቱ አጥር ውስጥ በክብር ለሚታየው እንስሳ የሩቅ ዘመድ ነው። አንዱ ከሰው ጋር መኖርን ተምሮ በከተማ በዝቷል፤ ሌላው ከደጋ ጫካው መውጣት ስላልቻለ ቁጥሩ እየመነመነ ነው።

የቀይ ፓንዳ ወገን ለሰሜን አሜሪካም ፈጽሞ ባዕድ አልነበረም። በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የኖረ የዚሁ ቤተሰብ አባል ቅሪተ አካል ተገኝቶ በ2004 ፕሪስቲናይሉሩስ የሚል ስም ተሰጥቶታል። በ2020 የታተመ የዘረመል ጥናት ደግሞ ዛሬ በሕይወት ያሉት ቀይ ፓንዳዎች ራሳቸው አንድ ሳይሆኑ ሁለት ዝርያዎች መሆናቸውን አመልክቷል። የሂማላያው ዝርያ ፊቱ ነጣ ያለ ነው፤ የቻይናው ዝርያ ፊቱ ይበልጥ ይቀላል፣ የጅራቱ ቀለበቶችም ደመቅ ብለው ይለያሉ። ጥርት ያለ የፊትና የጅራት ፎቶግራፍ ለዓይን ከማማሩ ባሻገር ለሳይንስ መረጃ የሚሆነው በዚህ የተነሳ ነው።

ብርድ ወዳዱ እንስሳ

የቶሮንቶ መካነ አራዊት ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 1974 ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነሐሴ 9 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ ማለትም አብዮቱ የዘውዱን ሥርዓት ሊያስወግድ አንድ ወር ሳይሞላ ማለት ነው። 287 ሄክታር በሚሰፋው ግቢ ውስጥ እንስሳቱ የተደለደሉት በመጡበት የዓለም ክፍል ሲሆን፣ ቀይ ፓንዳ የሚገኘው ከእስያና ከአውሮፓ የመጡ እንስሳት በሚታዩበት ክፍል ነው።

በዱር የሚኖረው በኔፓል፣ በህንድ፣ በቡታን፣ በሚያንማርና በቻይና ተራሮች ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 እስከ 4,800 ሜትር ባለው ከፍታ፣ ከሥራቸው ቀርከሃ በሞላባቸው ቀዝቃዛ ጫካዎች ውስጥ ይገኛል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንም፤ ከአዲስ አበባ ከፍታ ተነስቶ ከራስ ዳሽን ጫፍም ጥቂት የሚያልፍ ከፍታ ነው። በአዊ ዞን በእንጅባራ ዙሪያ የደጋ ቀርከሃ የሚያበቅለውን ጉም የለበሰ አየር የሚያውቅ ሰው የቀይ ፓንዳን አገር አየር በግምት ያውቀዋል።

እንስሳው ለዚህ ብርድ የተሠራ ነው። ጠጉሩ ድርብርብ ነው፤ የእግሩ መዳፍ ሳይቀር በጠጉር ተሸፍኗል። ስለሆነም የሚያስቸግረው ብርድ ሳይሆን ሙቀት ነው፤ አየሩ ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ይጨነቃል። የቶሮንቶ ሐምሌ የቀን ሙቀት በአማካይ እስከ 27 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ በጥርና በየካቲት ግን በረዶ ይጋገራል። አብዛኛው ጎብኚ የሚመጣው በበጋ ቀትር ላይ ነው፤ ቀይ ፓንዳ የሚነቃቃው ግን በክረምት፣ በማለዳና በአመሻሽ ነው። ብዙ ጎብኚዎች ይዘው የሚመለሱት ምስል የተኛ እንስሳ ምስል የሚሆነው በዚህ አለመጣጣም ነው።

እንቅልፉን የሚያበዛበት ሌላም ምክንያት አለ። ምግቡ በአብዛኛው የቀርከሃ ቅጠልና ለጋ ቡቃያ ነው፤ ሆዱ ግን ሣር የሚያመነዥክ እንስሳ ሆድ ሳይሆን ሥጋ በል ከነበሩ ቀደምቶቹ የወረሰው አጭር አንጀት ነው። ከሚበላው ቀርከሃ የሚጠቅመውን የሚያወጣው ጥቂቱን ብቻ፣ ወደ ሩብ ገደማ ነው። ገቢው ትንሽ የሆነ ሰው ወጪውን እንደሚቆጥብ ሁሉ ቀይ ፓንዳም ጉልበቱን ይቆጥባል፤ ከበላ በኋላ ያንቀላፋል።

ይሁንና የተኛ ቀይ ፓንዳ ፎቶግራፍም ቢሆን ዋጋ ቢስ አይደለም። አየሩ ሲበርድ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ጅራቱን ፊቱ ላይ ይከምራል፤ ሲሞቅ ደግሞ ቅርንጫፍ ላይ በሆዱ ተዘርግቶ አራት እግሮቹን በግራና በቀኝ ያንጠለጥላል። የተንጠለጠሉት እግሮች ብዙ ተመልካች “ሰነፍ” እያለ የሚስቅባቸው ቢሆኑም፣ በእርግጥ የሚናገሩት እንስሳው ሙቀት እያስወጣ መሆኑን ነው። አንድ ሰው በተለያዩ ወራት ያነሳቸውን ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ የሙቀት መለኪያ ሠንጠረዥ የሚመስል ነገር ያገኛል።

ካሜራን የሚያታልል ጠጉር

ቀይ፣ ነጭና ጥቁር በአንድ አካል ላይ መገኘታቸው ለውበት ብቻ አይደለም። ቀይ ፓንዳ በሚኖርባቸው ጫካዎች ግንዶቹ ቀይ ቡናማ በሆነ ሽበት ይሸፈናሉ፤ ከቅርንጫፎቹም ነጭ ላይከን ይንጠለጠላል። ከላይ ወይም ከጎን የሚያየው አዳኝ ከዚህ መሐል ለይቶ ሊያወጣው ይቸገራል። ከሥር ቆሞ ወደ ላይ ለሚያየው ደግሞ ጥቁሩ ሆድ ከጨለማው የቅጠል ጥላ ጋር ይዋሃዳል። ከዚህም በላይ እንደ በረዶ ነብር ያሉ አጥቢ አዳኞች ቀይን ከአረንጓዴ አጥርተው አይለዩም፤ ለሰው ዓይን እንደ ፍም የሚያበራው ጠጉር ለእነርሱ ደብዛዛ ነው።

ከአዳኝ የሚሰውረው ይኸው አለባበስ ካሜራንም ያታልላል። የካሜራ የብርሃን መለኪያ ፊቱ የተደቀነው ነገር ሁሉ ሲደመር መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ያስባል። ስለዚህም ጥቁር ሆድ የምስሉን ብዙ ቦታ ሲይዝ መለኪያው ጨለማ ነው ብሎ ብርሃን ይጨምራል፤ ነጩ ፊትም ይቃጠላል። በረዶ በበዛበት ቀን ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። መለኪያው በረዶውን ወደ ግራጫ ለማውረድ ብርሃን ይቀንሳል፤ እንስሳው በጭቃማ በረዶ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ጥላ ይመስላል። መፍትሔው ማሽኑን ማረም ነው። በረዶ ምስሉን ከሞላው የብርሃን መጠኑን በአንድ ደረጃ ወይም ከዚያ ጥቂት በላይ መጨመር፣ ጥቁሩ ሲበዛ ደግሞ መቀነስ ያስፈልጋል። ሁሉንም ማዳን በማይቻልበት ጊዜ ቅድሚያ ለፊቱ ይሰጣል፤ የጨለመ ሆድ በኋላ በኮምፒውተር ጥቂት ሊገለጥ ሲችል፣ የተቃጠለ ነጭ ግን ምንም መረጃ ስለሌለው አይመለስም።

ሦስተኛው ወጥመድ የራሱ የቀዩ ቀለም ነው። በአብዛኞቹ ዲጂታል ካሜራዎች ውስጥ ያለው የብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ በጥቃቅን ባለቀለም ማጣሪያዎች ተሸፍኗል። የኮዳክ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ብራይስ ቤየር እ.ኤ.አ. በ1976 የፈጠራ መብት ባገኘበት በዚህ አደራደር ከማጣሪያዎቹ ግማሹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ ነው፤ የሰው ዓይንም የምስልን ዝርዝር በይበልጥ የሚያነበው በአረንጓዴው አካባቢ ስለሆነ ነው። የቀይ ፓንዳ ጀርባ በፀሐይ ሲመታ ግን አብዛኛው ብርሃን የሚገባው በቀዩ ሩብ በኩል ነው። አረንጓዴውና ሰማያዊው ገና ሳይሞሉ ቀዩ ጢም ይላል። አጠቃላይ የብርሃን ግራፉ ደህና ነው እያለ፣ ጠጉሩ ግን ዘለላው የማይለይ ብርቱካናማ እድፍ ይሆናል።

ይህን ለማስቀረት ሦስት ነገሮች ይረዳሉ። አንደኛው፣ ካሜራው የሦስቱን ቀለማት ግራፍ ለየብቻ የሚያሳይ ከሆነ ቀዩን መመልከትና ከቀኝ ጠርዝ እንዳይጋጭ ብርሃኑን ጥቂት መቀነስ ነው። ሁለተኛው፣ ምስሉን ባልተጨመቀው ጥሬ ፋይል ማስቀመጥ ነው። ሦስተኛውና ቀላሉ፣ ደመናማ ቀን መምረጥ ነው። ደመና ሰማዩን ሁሉ አንድ ሰፊ መብራት ስለሚያደርገው በነጩ ፊትና በጥቁሩ ሆድ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ይጠባል። ብዙ ጎብኚ “ብርሃን የለም” ብሎ ካሜራውን የሚያስቀምጥበት ሰዓት ለቀይ ፓንዳ ከሁሉም የተሻለው ነው።

በአጥርና በመስታወት ማዶ

በመካነ አራዊት ፎቶግራፍ አንሺንና እንስሳን የሚለያቸው ነገር አይጠፋም፤ ወይ የሽቦ አጥር፣ ወይ መስታወት፣ ወይ ርቀት። ሽቦውን ከምስሉ ማጥፋት ተንኮል ሳይሆን የብርሃን ሕግ ነው። የሌንሱ ቀዳዳ በሰፊው ሲከፈት ከእንስሳው የሚመጣው ብርሃን በሰፊው የሌንስ ፊት በኩል ይገባል። ለሌንሱ በጣም የቀረበ ቀጭን ሽቦ ከዚህ ብርሃን ጥቂቱን ብቻ ይጋርዳል፤ ራሱም ከትኩረት ውጭ ስለሆነ በመላው ምስል ላይ ተበትኖ ቀለል ያለ ጉም ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው፤ ሌንሱ መካነ አራዊቱ እስከሚፈቅደው ድረስ ለሽቦው መቅረብ፣ እንስሳው ከሽቦው መራቅ፣ ቀዳዳውም በሰፊው መከፈት። ፀሐይ ያረፈችበት ሽቦ ግን ራሱ ብርሃን ስለሚበትን ምስሉን ያደበዝዘዋል፤ ጥላ ያለበትን የአጥር ክፍል መምረጥ ይሻላል።

መስታወት ሌላ ባሕርይ አለው። ከእንስሳው የሚመጣውን ብርሃን ሲያሳልፍ ከተመልካቹ በኩል ያለውንም መልሶ ያንጸባርቃል። ሌንሱን በጎማ ክዳኑ መስታወቱ ላይ ማስጠጋት፣ ወይም በዙሪያው ጥቁር ጨርቅ ወይም ጋቢ ጣል ማድረግ ነጸብራቁን ከምንጩ ይቆርጠዋል። ነጸብራቅን የሚቀንሰው ልዩ ማጣሪያም ይጠቅማል፤ ነገር ግን በደንብ የሚሠራው መስታወቱን በአግድመት ሲያዩት ነው፤ ፊት ለፊት ሲቆሙ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ብርሃንም ይቀንሳል። ብልጭታ መብራት ደግሞ በመስታወት ላይ ነጭ ጸሐይ ከመፍጠሩም በላይ በደብዛዛ ብርሃን ለለመደ እንስሳ ዓይን ድንገተኛ ድንጋጤ ስለሆነ ጨርሶ መተው ይገባል።

ስለ ፍጥነት ሲታሰብ የእንስሳውን እንቅስቃሴ ማወቅ ከመሣሪያው ዋጋ ይበልጣል። ለተኛ እንስሳ 1/60 ሰከንድ ሊበቃ ይችላል፤ ቅርንጫፍ ላይ ለሚራመድ 1/250፣ ለሚዘል ደግሞ 1/1000 ሰከንድ ያስፈልጋል። ቀይ ፓንዳ የቁርጭምጭሚቱን መገጣጠሚያ አዙሮ በጭንቅላቱ ቁልቁል ከዛፍ መውረድ ከሚችሉ ጥቂት እንስሳት አንዱ ነው። ክልሉንም በሽታ ምልክት ስለሚያደርግ በአንድ ቅርንጫፍና በአንድ ግንድ ላይ ደጋግሞ ያልፋል። ግማሽ ሰዓት ቆሞ መንገዱን ያጠና ሰው ካሜራውን አስቀድሞ እዚያ ላይ አስተካክሎ መጠበቅ ይችላል፤ የሚያሳድድ ሰው ግን የሚያገኘው የጅራት ፎቶግራፍ ነው።

ብርድና ጤዛ

ለቀይ ፓንዳ የተመቸው ወቅት ለካሜራ አይመችም። የባትሪ ኃይል የሚመነጨው ከኬሚካዊ ለውጥ ነው፤ ብርድ ደግሞ ይህን ለውጥ ያዘገየዋል። ሙሉ የነበረ ባትሪ በአሥር ዲግሪ ውርጭ ባዶ የሆነ ይመስላል፤ ደረት ኪስ ውስጥ ሞቆ ሲመለስ ግን ነፍስ ይዘራል። ስለዚህ ትርፍ ባትሪን ከገላ አስጠግቶ መያዝ የቆየ ዘዴ ነው።

ከዚህ የከፋው ጤዛ ነው። የቶሮንቶ መካነ አራዊት የሞቃት አገር እንስሳት የሚታዩባቸው ሙቀትና እርጥበት ያላቸው ሰፋፊ ቤቶች አሉት። ውጭ በውርጭ የቀዘቀዘ ሌንስ ይዞ ወደዚያ የገባ ሰው በሰከንዶች ውስጥ መስታወቱ በውሃ ተሸፍኖ ያገኘዋል፤ በክረምት መነጽር አድርጎ ወደ ሞቀ ምግብ ቤት እንደ መግባት ነው። እርጥቡ አየር ቀዝቃዛውን አካል ሲነካ በውስጡ የተሸከመውን ተን ይጥላል። ውሃው የሚታየው በውጭ ቢሆንም በሌንሱ ውስጥም ሊፈጠር ይችላል። መከላከያው ቀላል ነው፤ ከመግባት በፊት ካሜራውን በተዘጋ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ማስገባትና እስኪሞቅ መጠበቅ። ጤዛው በከረጢቱ ላይ ይወርዳል እንጂ በካሜራው ላይ አይደርስም።

የሚያምር ፎቶግራፍ ሁሉ ደስታ አይደለም

በኢንተርኔት በብዛት ከሚሰራጩት የቀይ ፓንዳ ምስሎች መካከል በኋላ እግሮቹ ቆሞ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ የዘረጋበት ይገኝበታል። ተመልካቹ “እቀፉኝ” እንደሚል ሕፃን ያየዋል። በእርግጥ ግን እንስሳው ሲደነግጥ ራሱን ትልቅ ለማስመሰልና በጥፍሩ ለመከላከል የሚወስደው አቋም ነው። ይህን ሥዕል ለማግኘት አጥር የሚመታ፣ የሚያፏጭ ወይም የሚጮህ ሰው የሚያነሳው የፍርሃትን ምስል ነው።

ይህ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቀይ ፓንዳ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት ተርታ ተመድቧል። ጫካው እየተቆራረጠ ነው፤ ለሌላ እንስሳ የተጠመደ ወጥመድ ይይዘዋል፤ ከብት ጠባቂ ውሾች ይነክሱታል፣ በሽታም ያስተላልፉበታል። ከዚህ ሌላ ሕገ ወጥ ንግድ አለ፤ በአንድ ወቅት የሚፈለገው ለቆዳው ነበር፣ ዛሬ በሕይወትም ይሸጣል። የዱር እንስሳን እንደ ቤት ድመት በሰው ጭን ላይ የሚያሳይ ምስል “ይህን ማሳደግ ይቻላል” የሚል መልእክት ያስተላልፋል። ያው እንስሳ በቅርንጫፉ ላይ፣ በቀርከሃው መካከል፣ በራሱ ጠባይ ሲታይ ግን ምስሉ ስለ ጫካው ይናገራል።

አንድ ፎቶግራፍ ያስገኘው ፓንዳ

ፎቶግራፍ ለቀይ ፓንዳ በቀጥታ የደረሰለትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 2013፣ ማለትም ሰኔ 17 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ በዋሽንግተን የሚገኘው ብሔራዊ መካነ አራዊት ረስቲ የተባለ ወጣት ወንድ ቀይ ፓንዳ ከመኖሪያው መጥፋቱን አስታወቀ። ዝናብ ያጎበጣቸው ቅርንጫፎች መሻገሪያ ሆነውት ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ተገምቷል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ አንዲት መንገደኛ አዳምስ ሞርጋን በተባለው ሰፈር ያየችውን እንስሳ ፎቶግራፍ አንስታ በትዊተር ለጠፈች፤ ሠራተኞችም ወደ ቦታው ደርሰው ያዙት። አዳምስ ሞርጋን በኢትዮጵያ ምግብ ቤቶቹ የታወቀና በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በደንብ የሚያውቁት ሰፈር ነው። ያ ፎቶግራፍ ለውድድር የሚቀርብ አልነበረም፤ ቦታውንና ሰዓቱን በትክክል መናገሩ ግን በቂ ሆነ።

በዱርም ካሜራ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ተመራማሪዎች በዛፍ ላይ አስረው የሚተዉት፣ ሞቃት አካል ሲያልፍ በራሱ የሚያነሳ ካሜራ ሰው ሊደርስበት በማይችልበት ገደል ሌት ተቀን ይጠብቃል። በኔፓል የቀይ ፓንዳ ጥበቃ ድርጅት ከአካባቢው ነዋሪዎች መካከል የጫካ ጠባቂዎችን አሠልጥኖ ያሰማራል፤ በ2019 በምሥራቅ ኔፓል በተጀመረ ጥናትም በአሥር ቀይ ፓንዳዎች አንገት ላይ የጂፒኤስ መከታተያ ታስሯል። የቻይና ተመራማሪዎች ደግሞ በዚያው ዓመት እያንዳንዱን ቀይ ፓንዳ ከፊቱ ምስል ብቻ የሚለይ የኮምፒውተር ዘዴ አቅርበዋል። እንዲህ ያለው ዘዴ እንዲማር በመጀመሪያ ማንነታቸው የታወቀ እንስሳት ጥርት ያሉ ብዙ ፎቶግራፎች ያስፈልጉታል፤ እነዚህም በቀላሉ የሚገኙት ሰው ከሚንከባከባቸው እንስሳት ነው።

በየአገሩ መካነ አራዊት ያሉ ቀይ ፓንዳዎች የዘር ሐረግ በኔዘርላንድስ የሮተርዳም መካነ አራዊት በሚጠብቀው ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ ይሰፍራል። የትኛው ከየትኛው ጋር ቢጣመር የዘር ልዩነቱ እንደማይጠብ የሚታየው ከዚያ ነው። በሌላ አነጋገር በአጥር ውስጥ ያሉት እንስሳት የክፉ ቀን ስንቅ ናቸው። ይህ ስንቅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ለማስረዳት ቀይ ቀበሮን ማሰብ ይበቃል። በባሌና በሰሜን ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮም ቀይ ጠጉር ያለው የደጋ እንስሳ ነው፤ እርሱንም ከሰው ጋር የሚመጣ ውሻ በእብድ ውሻ በሽታ ያሰጋዋል፤ የቀሩት ጎልማሶች ከ500 በታች እንደሆኑ ይገመታል። ነገር ግን ቀይ ቀበሮ በመካነ አራዊት ውስጥ ተጠባባቂ መንጋ የለውም። ቶሮንቶ ውስጥ ሄዶ ሊያየው የሚችል ልጅ የለም፤ በተራራው ላይ ከጠፋ ጠፋ ማለት ነው።

የዓለም የቀይ ፓንዳ ቀን በየዓመቱ በሴፕቴምበር ሦስተኛው ቅዳሜ፣ በኢትዮጵያ አዲስ ዓመት ሰሞን ይከበራል። ወቅቱም ለካሜራ የተመቸ ነው፤ የቶሮንቶ ሙቀት ይበርዳል፣ የጎብኚው ግርግር ይቀንሳል፣ ቅጠሉም እንደ እንስሳው ጠጉር መቅላት ይጀምራል። በዚያ ሰሞን በማለዳ የሚሄድ ሰው ደመናማ ቀን ይምረጥ፤ ብልጭታውን ያጥፋ፤ ብርሃኑን ለነጩ ፊት ይለካ፤ እንስሳው የሚመላለስበትን ቅርንጫፍ ለይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠብቅ። ቀይ ፓንዳው በራሱ ጊዜ ነቅቶ፣ ቀርከሃውን በሐሰተኛው አውራ ጣቱ ጨብጦ ማኘክ ሲጀምር የሚነሳው ፎቶግራፍ ከሁሉም የተሻለው ነው፤ እንስሳው የካሜራውን መኖር ከቁብ አልቆጠረውምና።